ጆርጅ ፎርሳይዝ እና የጀማሪ ተማሪዎች ፕሮግራም እርማት፦ ከትክክለኛነት እስከ ቅልጥፍና

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአዲስ አበባ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ብዙም በማይርቅ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቱን እየተከታተለ በረዳትነት የፕሮግራሚንግ ላብራቶሪ ያስተምራል። በአንድ ክፍል ከአምሳ የማያንሱ ጀማሪ ተማሪዎች ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዳቸውም በየሳምንቱ አንድ ፕሮግራም ጽፈው ያስረክባሉ። ይህን ሁሉ ሥራ በእጅ አርሞ በጊዜው መመለስ ለአንድ ረዳት መምህር የማይቻል ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት አቅራቢው የተማሪዎቹን ሥራ ተራ በተራ የሚያስኬድ፣ መልሱን የሚያመሳክርና የወሰደውን ጊዜ ለክቶ ነጥብ የሚሰጥ አነስተኛ አራሚ ፕሮግራም አዘጋጀ። አራሚው ከሁለት ሰከንድ በላይ የቆየውን ሥራ ሁሉ ቅልጥፍና እንደሚጎድለው ቆጥሮ ይጥል ነበር።

ከወደቁት ሥራዎች አንዱ የአንዲት ትጉህ ተማሪ ነበር። በኋላ ሲመረመር የእርሷ አሠራር ካለፈችው ጓደኛዋ አሠራር በምንም አይለይም ነበር። ልዩነቱ የእርሷ ሥራ የተፈተሸው በላብራቶሪው ጥግ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ የጓደኛዋ ደግሞ በአዲሱ ላይ መሆኑ ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ሙሉ ነጥብ ያገኘ ሌላ ሥራ ደግሞ እጅግ ፈጣን ሆኖ ሳለ ለአንዳንድ ግብዓቶች የተሳሳተ መልስ ይሰጥ እንደነበር ዘግይቶ ታወቀ። የተማሪዋ ነጥብ ተስተካከለ። ይሁን እንጂ ለሁለት ሳምንት ያህል ጉድለቱ የራሷ እንደሆነ አምና፣ ትምህርቱም ከአቅሟ በላይ ሳይሆን አይቀርም ብላ ስትሠጋ ቆይታ ነበር።

እነዚህ ሁለት ስሕተቶች የተማሪዎቹ ሳይሆኑ የአራሚው፣ ማለትም የአቅራቢው ስሕተቶች ናቸው። ጥያቄውም ግልጽ ነው፦ የጀማሪን ፕሮግራም ቅልጥፍና በመሣሪያ ስንመዝን ምን እንለካ? በምን ቅደም ተከተል? ውጤቱንስ ለተማሪው እንዴት እንንገር? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከስድሳ ዓመታት በፊት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጆርጅ ፎርሳይዝ ይህንኑ ጉዳይ በተግባር ገጥመውታል። ይህ አጭር ጽሑፍ የእኒህን ምሁር ሕይወት ከዚህ ጥያቄ አንጻር ይተርካል፤ በመጨረሻም ለእኛ ላብራቶሪዎች የሚሆነውን ትምህርት ለማውጣት ይሞክራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ጆርጅ ኤልመር ፎርሳይዝ ጥር 8 ቀን 1917 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ስቴት ኮሌጅ በተባለች ከተማ ተወለዱ። ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ በእጅ የሚዘወር የሒሳብ ማሽን አግኝተው 10,000 ለ7,699 ሲካፈል የሚገኘውን አስርዮሽ ቁጥር ለማስላት ተነሥተው ነበር። ፍላጎታቸው አኃዞቹ እንዴት ተመልሰው እንደሚደጋገሙ ማየት ነበር። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ሆኖም በእጁ እየዘወረ አኃዞችን አንድ በአንድ ያወጣ ሰው እያንዳንዱ የስሌት እርምጃ ዋጋ እንዳለው በክንዱ ድካም ያውቀዋል። በኋላ ዘመን የተማሪዎቻቸውን ፕሮግራም እርምጃ የሚመዝኑት መምህር የመጀመሪያ ልምምዳቸው ይህ ነበር።

የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1937 ከስዋርዝሞር ኮሌጅ በሒሳብ አገኙ። ከዚያም ወደ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ተሻግረው በ1941 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። የሙያ ጉዟቸው በዚህ ቢቀጥል ኖሮ በንጹሕ ሒሳብ ዘርፍ የታወቁ ምሁር ሆነው ይቀሩ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ለአጭር ጊዜ በስታንፎርድ ማስተማር እንደ ጀመሩ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አቋረጣቸው።

ከአየር ጠባይ ጥናት ወደ ኮምፒውተር

በጦርነቱ ወቅት ፎርሳይዝ በአሜሪካ ጦር የአየር ኃይል ክፍል ውስጥ የአየር ጠባይ ጥናት ባለሙያ ሆነው አገለገሉ። በ1945 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን በዳይናሚክ ሜትሮሎጂ ላይ የመማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። የአየር ጠባይ ትንበያ ከሌሎች የስሌት ሥራዎች የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው፤ የነገው አየር የሚሰላው ነገ ከመድረሱ በፊት ካልሆነ መልሱ ትክክል ቢሆንም ጥቅም የለውም። በሌላ በኩል ፈጥኖ የደረሰ ነገር ግን የተሳሳተ ትንበያ አውሮፕላንን ወደ አደጋ ይመራል። ትክክለኛነትና ቅልጥፍና በአንድ ሥራ ውስጥ ተጣምረው የሚፈለጉበትን መስክ ፎርሳይዝ ያወቁት ከኮምፒውተር በፊት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል በቦይንግ የአውሮፕላን ኩባንያ ሠሩ፤ በዚያም የአውቶማቲክ ስሌትን አሠራር አስተዋወቁ። በ1948 በሎስ አንጀለስ፣ በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ወደ ነበረው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ የአኃዛዊ ስሌት ተቋም ገቡ። ተቋሙ በ1950 ስዋክ የተባለውን ኮምፒውተር ሠርቶ ሥራ አስጀመረ። ስዋክ በዘመኑ ከዓለም ፈጣን ኮምፒውተሮች አንዱ ነበር፤ ነገር ግን ፈጣኑ የማስታወሻ ክፍሉ የሚይዘው 256 ቃላት ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ቃል የሚባለው ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያነሣው የቁጥር መጠን ነው። ዛሬ አንድ ጀማሪ ተማሪ በአንድ መስመር የሚፈጥረው የቁጥሮች ዝርዝር ከዚያ ማሽን ጠቅላላ ፈጣን ማስታወሻ ይበልጣል።

በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ስለ ቅልጥፍና ማሰብን በፈቃዱ የሚመርጠው ጉዳይ አልነበረም። አንድ ዘዴ እርምጃ ካበዛ ሥራው አያልቅም፤ ማስታወሻ ካበዛ ደግሞ ጭራሹን አይጀመርም። ፎርሳይዝ በእነዚህ ዓመታት ያተኮሩት ትላልቅ የመስመራዊ እኩልዮሾችን ስብስብ በኮምፒውተር በሚፈቱ ዘዴዎች ላይ ነበር። ብዙ ዘዴዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያነጻጽሩ፣ በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጡ ሁለት ዘዴዎች በማሽን ላይ እጅግ የተለያየ ድካምና እጅግ የተለያየ ስሕተት እንደሚያስከትሉ ተመለከቱ። ይህ ግንዛቤ የኋለኛው የማስተማር ሥራቸው መሠረት ሆነ።

ስታንፎርድና አዲስ የትምህርት ዘርፍ

ፎርሳይዝ በ1957 የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነው ወደ ስታንፎርድ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ለአብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሒሳብን የሚያፋጥን መሣሪያ እንጂ በራሱ የሚጠና ነገር አልነበረም። ፎርሳይዝ ግን የስልተ ቀመሮች አነዳደፍ፣ የስሕተት ትንተናና የፕሮግራም ቋንቋዎች ጥናት ተዳምረው አንድ ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ እንደሚሆኑ ያምኑ ነበር። ለዚህ ዘርፍ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚለውን ስያሜ ቀድመው በመጠቀም ካስለመዱት ምሁራን አንዱ ናቸው። በ1961 በስታንፎርድ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ሥር የኮምፒውተር ሳይንስ ዘርፍ ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት በእኛ አገር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሥርቷል። የስታንፎርዱ ዘርፍ በ1965 ራሱን የቻለ ትምህርት ክፍል ሆነ፤ ፎርሳይዝም እስከ ዕለተ ሞታቸው በኃላፊነት መሩት።

ትምህርት ክፍሉን የገነቡት በሕንፃና በመሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ ሰው በመምረጥ ጭምር ነው። ጆን ማካርቲና ጂን ጎለብ በ1962፣ ዶናልድ ክኑዝ በ1968 ወደ ስታንፎርድ መጡ። በኋላ የፓስካል ቋንቋ ፈጣሪ የሆኑት የስዊዘርላንድ ተወላጅ ኒክላውስ ቪርትም ከ1963 እስከ 1967 በዚያ አስተምረዋል። ፎርሳይዝ ከ1964 እስከ 1966 የአሜሪካ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው የኤሲኤም ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ለዶክትሬት ያማከሯቸው ተማሪዎች 17 ሲሆኑ፣ ከእነርሱም አንዱ ማትላብ የተባለውን በዛሬ የምሕንድስና ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ሶፍትዌር የፈጠሩት ክሊቭ ሞለር ናቸው።

አራሚ ፕሮግራም እንዴት ተጀመረ?

የኮምፒውተር ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች ሲስፋፋ ዛሬ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚታየው ችግር ያኔም ተከሰተ፤ ተማሪው በዛ፣ መምህሩ አነሰ፣ የኮምፒውተር ሰዓት ደግሞ ውድ ነበር። በ1960 በኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው የሬንሰለር ፖሊቴክኒክ ተቋም ጃክ ሆሊንግስወርዝ የተማሪዎችን ፕሮግራሞች ራሱ እያስኬደ የሚያርም ፕሮግራም ሥራ ላይ ማዋላቸውን አስታወቁ። ተማሪዎቹ ፕሮግራማቸውን የሚያስረክቡት በቀዳዳ ምልክት በተደረገባቸው ካርዶች ነበር። ዋናው ዓላማ የመምህራንንና የማሽኑን ጊዜ ቆጥቦ ብዙ ተማሪዎችን መቀበል ነው። በ1964 ደግሞ በዴንማርክ ፒተር ናውር በአልጎል ቋንቋ የተጻፉ የተማሪ ሥራዎችን በራስ ሰር ስለማረም የራሳቸውን ልምድ አሳተሙ።

በ1965 ፎርሳይዝና ቪርት በጋራ ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ በዚህ ረድፍ ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው። በጽሑፉ ሁለት አራሚ ፕሮግራሞች ቀርበዋል። የመጀመሪያው ለጀማሪ ሥራ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለተማሪው ፕሮግራም በዘፈቀደ የተመረጡ ግብዓቶችን እያቀረበ መልሱን ያመሳክራል። ሁለተኛው ከፍ ላለ ትምህርት የተዘጋጀ ነው፤ የአንድን እኩልዮሽ ሥር የሚፈልግ የተማሪ ፕሮግራም ምን ያህል አስተማማኝና ምን ያህል ቀልጣፋ እንደሆነ በጥብቅ ይፈትሻል። ጽሑፉ በተጨማሪ እንዲህ ያሉ አራሚዎች በሚገባ እንዲሠሩ ኮምፒውተሩ ራሱ ምን ዓይነት ባሕርያት ሊኖሩት እንደሚገባ ይዘረዝራል።

በእነዚህ ሁለት አራሚዎች ውስጥ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የግብዓት አመራረጥ ነው። መምህሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምሳሌ ካቀረበ ተማሪው ለዚያ ምሳሌ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ሊጽፍ ይችላል። በዘፈቀደ የሚመረጥ ግብዓት ይህን በር ይዘጋል። በአቅራቢው ላብራቶሪ ፈጣኑ የተሳሳተ ሥራ ሙሉ ነጥብ ያገኘው ግብዓቶቹ ጥቂትና የማይለዋወጡ ስለነበሩ ነው።

ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። ለጀማሪው የቀረበው ፈተና መልሱ ትክክል መሆኑን ያያል፤ የቅልጥፍና ምዘና የሚመጣው ከፍ ባለው ደረጃ ነው፤ ያውም ከአስተማማኝነት ጋር ተቆራኝቶ። ሦስተኛው የመሣሪያው ሁኔታ ነው። የተማሪ ፕሮግራም ማብቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ሊገባ፣ የአራሚውንም ማስታወሻ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ የተማሪውን ፕሮግራም ከአራሚው ለይቶ የሚጠብቅ፣ ያለ ልክ ሲሮጥ የሚያስቆምና ከዚያም ወደ ሚቀጥለው ተማሪ የሚሻገር ሥርዓት ያስፈልጋል። የጊዜ ገደብ በዚህ ረገድ አስፈላጊ ነው፤ አገልግሎቱ ግን ማሽኑን መጠበቅ እንጂ የተማሪውን ቅልጥፍና መመዘን አይደለም። አቅራቢው ባለፈው ዓመት ያምታታው እነዚህን ሁለት አገልግሎቶች ነበር።

ቅልጥፍና ሲመዘን ምን ይቆጠራል?

ፎርሳይዝ የእኩልዮሽ ሥር ፍለጋን ለቅልጥፍና ምዘና መምረጣቸው በዘፈቀደ አልነበረም። በእንዲህ ያለ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው የተሰጠውን ፈንክሽን ዋጋ ማስላት ነው፤ ስለሆነም የአንድ ዘዴ ድካም ፈንክሽኑን ስንት ጊዜ እንደ ጠራ በመቁጠር ሊለካ ይችላል። ይህ ቁጥር በአሮጌውም በአዲሱም ኮምፒውተር ላይ አንድ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ሥሩ በ0 እና በ1 መካከል እንዳለ የሚታወቅ እኩልዮሽ አለ፤ መልሱ በአንድ ሚሊዮንኛ ልክ እንዲገኝ ተፈልጓል። አንድ ጀማሪ ከ0 ተነሥቶ በአንድ ሚሊዮንኛ እርምጃ እየተራመደ የፈንክሽኑ ምልክት የሚለወጥበትን ቦታ ቢፈልግ፣ ፈንክሽኑን እስከ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሊጠራ ይችላል። ሌላው ደግሞ ክፍተቱን በየጊዜው እኩል እየከፈለ ሥሩ ያለበትን ግማሽ ብቻ ቢያስቀር፣ 2 በራሱ 20 ጊዜ ሲባዛ 1,048,576 ስለሚሆን፣ 20 ክፍፍል ይበቃዋል። ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው፤ የድካማቸው ልዩነት ግን የሚሊዮንና የሃያ ነው።

ታዲያ ፈጣኑ ሁሉ የተሻለ ነውን? በኒውተን ስም የሚጠራው ዘዴ ወደ ሥሩ ከተጠጋ በኋላ በእያንዳንዱ እርምጃ ትክክለኛዎቹን አኃዞች በእጥፍ ያህል ስለሚያበዛ ከክፍፍሉ ዘዴ በጣም ይፈጥናል። መነሻው ከሥሩ ሲርቅ ግን ሊስት ይችላል። ለምሳሌ የአርክታንጀንት ፈንክሽን ሥር 0 ሆኖ ሳለ፣ የኒውተን ዘዴ ከ2 ቢነሣ በመጀመሪያው እርምጃ ከ0 በታች ወደ 3.5 ገደማ ይዘላል፤ ከዚያም በየእርምጃው እየራቀ ይሄዳል። ጥቂት ግብዓቶችን ብቻ የሚያቀርብና ፍጥነትን ብቻ የሚያይ አራሚ ይህን ፕሮግራም ያመሰግነዋል፤ ቀርፋፋ ግን የማይስተውን የክፍፍል ዘዴ ይወቅሳል። አስተማማኝነትንና ቅልጥፍናን አብሮ የሚፈትሽ አራሚ ግን ተማሪው ሁለቱን ዘዴዎች አጣምሮ እንዲያስብ ይገፋፋዋል።

ፎርሳይዝ ይህን ሐሳብ ወደ ቀላሉ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ጭምር አውርደውታል። የኳድራቲክ እኩልዮሽ ቀመር ሁሉም ተማሪ የሚያውቀው ነው። ነገር ግን ስምንት አኃዝ ብቻ በሚይዝ ማሽን ላይ የኤክስ ካሬ ሲቀነስ 100,000 ኤክስ ሲደመር 1 ከዜሮ ጋር እኩል የሆነበትን እኩልዮሽ በዚያ ቀመር ብንፈታ፣ ትንሹ ሥር 0 ሆኖ ይወጣል፤ እውነተኛው መልስ ግን 0.00001 ገደማ ነው። እጅግ የሚቀራረቡ ሁለት ትላልቅ ቁጥሮች ሲቀናነሱ ትንሹ ልዩነት በማጠጋጋት ይጠፋል። መፍትሔው ትልቁን ሥር በቀመሩ አግኝቶ ትንሹን 1ን ለትልቁ ሥር በማካፈል ማግኘት ነው። በ1970 ያሳተሙት በስሌት ውስጥ ስላሉ ወጥመዶች የሚናገረው የታወቀ ጽሑፋቸው ለዚህ ጉዳይ የተሰጠ ነበር። ፎርሳይዝ በሕይወታቸው ሙሉ ያስተማሩት አንድ ነገር ቢጠቀለል፣ የማሽን መልስ ስለ ፈጠነ ወይም የታወቀ ቀመር ስለ ተከተለ ብቻ አይታመንም የሚል ይሆናል።

የመጨረሻ ዓመታት

በፎርሳይዝ የማስተማር ሥራ ውስጥ ባለቤታቸው አሌክሳንድራ ፎርሳይዝ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። እርሳቸውም በሒሳብ የተማሩ ሲሆኑ፣ በ1969 ከሌሎች ደራሲያን ጋር ለጀማሪዎች የሚሆን የኮምፒውተር ሳይንስ የመማሪያ መጽሐፍ አሳትመዋል። ስለዚህ ለተመራማሪ የሚሆነው የስሌት ጥናትና ለጀማሪ የሚሆነው ትምህርት በአንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ይጻፉ ነበር ማለት ይቻላል።

ጆርጅ ፎርሳይዝ ሚያዝያ 9 ቀን 1972 በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። ከሞለር ጋር በ1967 ያሳተሙት በመስመራዊ እኩልዮሾች ላይ ያተኮረ መጽሐፍ በሕይወት ሳሉ ብዙ አንባቢ አግኝቶ ነበር። ከሞለርና ከማይክል ማልኮልም ጋር የጀመሩት ሌላው የመማሪያ መጽሐፍ የታተመው ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1977 ነው። መጽሐፉ ቀመሮችን ከመዘርዘር አልፎ በጥንቃቄ የተጻፉና የተፈተሹ ፕሮግራሞችን ለተማሪው በማቅረቡ ይታወቃል። የመሠረቱት ትምህርት ክፍል በመጀመሪያ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ብቻ የነበረ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብር የጀመረው እርሳቸው ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1986 ነበር።

ለእኛ ላብራቶሪዎች የሚሆን ትምህርት

በአገራችን ፕሮግራሚንግ የሚጀምሩ ሰዎች ቁጥር እየጨመረ ነው። በ2024 ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር ብቻውን የጉዳዩን ስፋት ያሳያል። እንዲህ ያለውን የተማሪ ብዛት በመምህር ዓይን ብቻ ማረም አይቻልም፤ ስለዚህ ራስ ሰር ግብረ መልስ ይበልጥ ሥራ ላይ መዋሉ አይቀርም። ትልቁ ጥያቄ መሣሪያው ተማሪውን ምን ያስተምረዋል የሚለው ነው። ተማሪ የሚነጠቅበትን ወይም የሚሸለምበትን ነገር ዋና ነገር አድርጎ ይወስዳልና።

ከፎርሳይዝ ሥራ በመነሣት አቅራቢው የራሱን አራሚ በሦስት ደረጃ እንደገና አዋቅሮታል። በመጀመሪያው ደረጃ አራሚው መልሱ ትክክል መሆኑን በዘፈቀደ በተመረጡና በጠርዝ ላይ ባሉ ግብዓቶች ይፈትሻል፤ ባዶ ዝርዝር፣ አንድ አባል ብቻ ያለው ዝርዝር፣ ዜሮና ከዜሮ በታች የሆኑ ቁጥሮች በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ይህን ያላለፈ ሥራ ስለ ቅልጥፍናው ምንም አይነገረውም። ትክክል ያልሆነን ፕሮግራም ማፍጠን ስሕተቱን ቶሎ ማድረስ ብቻ ነውና።

በሁለተኛው ደረጃ ሰከንድ መለካቱ ቀርቶ እርምጃ ይቆጠራል። ለምሳሌ 10,007 ተካፋይ የሌለው ቁጥር መሆኑን ለማረጋገጥ ከ2 እስከ 10,006 ያሉትን ሁሉ የሚሞክር ፕሮግራም 10,005 ማካፈሎችን ያደርጋል። ከቁጥሩ ካሬ ሥር በላይ መሞከር እንደማያስፈልግ የተረዳ ተማሪ ፕሮግራም ግን ከ2 እስከ 100 ባሉት 99 ማካፈሎች ያበቃል። በተጨማሪም ግብዓቱ በእጥፍ ሲያድግ እርምጃው በስንት እጥፍ እንደሚያድግ ይታያል። እርምጃው ሁለት እጥፍ ከሆነ አንድ ነገር፣ አራት እጥፍ ከሆነ ሌላ ነገር ይነግረናል። ይህ አካሄድ በጥግ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠችውን ተማሪና በአዲሱ ላይ የተቀመጠችውን ጓደኛዋን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸዋል።

ሦስተኛው ደረጃ የመልእክቱ አነጋገር ነው፤ እዚህ ላይ ከቀደምት አራሚዎች አልፈን መሄድ ይኖርብናል። ነጥብ ወይም ማለፍና መውደቅ ብቻ የሚያሳውቅ ውጤት ፍርድ እንጂ ግብረ መልስ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ የተበላሸበትን ቦታ ለይተው ያርሙለታል፤ ተማሪውም በማግስቱ ያንን እርማት ይዞ እንደገና ይቆጥራል። መሣሪያውም በአቅሙ ይህንን ሊከተል ይገባል። የተማሪው ፕሮግራም ስንት እርምጃ እንደሄደ፣ ብዙው እርምጃ በየትኛው ዙር ውስጥ እንደ ጠፋና የትኛው ሥራ ሳያስፈልግ እንደተደጋገመ ቢያመለክት ተማሪው መፍትሔውን ራሱ ለመፈለግ መነሻ ያገኛል። መፍትሔውን ጽፎ ቢሰጠው ግን የማሰቡን ዕድል ይነጥቀዋል።

ለዚህ አካሄድም ገደብ አለው። እርምጃ መቆጠሩ የፕሮግራሙን ንባበ ቀላልነት አያሳይም። ጥቂት እርምጃ ለመቆጠብ ሲል ማንም የማያነበው ፕሮግራም የሚጽፍ ጀማሪ መልካም ልማድ አልተማረም። ለትንሽ ግብዓት ብቻ በሚሠራ ፕሮግራም ላይ ስለ ቅልጥፍና መጨነቅም ጊዜ ማባከን ነው። እነዚህን የሚለየው መምህሩ ነው። አራሚው የመምህሩን ሰዓት የሚቆጥብለት ከተማሪው እንዲርቅ ሳይሆን፣ የተቆጠበውን ሰዓት ለሚያስፈልገው ተማሪ እንዲያውል ነው።

ማጠቃለያ

የጆርጅ ፎርሳይዝ ሕይወት በእጅ ከሚዘወር የሒሳብ ማሽን ተነሥቶ፣ በአየር ጠባይ ትንበያና 256 ቃላት ብቻ በሚይዝ ኮምፒውተር በኩል አልፎ፣ አንድን ሙሉ የትምህርት ዘርፍ እስከ ማቋቋም ደርሷል። በዚህ ጉዞ ውስጥ የተማሪዎችን ፕሮግራም የሚያርመው ጽሑፍ ጥቂት ገጾችን ብቻ የያዘ ትንሽ ሥራ ነው። ሆኖም የጉዟቸው ፍሬ በዚያ ውስጥ ይታያል፤ ጀማሪው መጀመሪያ ትክክል መሆንን ይማር፣ ቀጥሎ ቅልጥፍናን ከአስተማማኝነት ሳይለይ ይማር፣ ማሽኑም ራሱን ይጠብቅ እንጂ የራሱን ድክመት በተማሪው ላይ አይጫን።

አቅራቢው አዲሱን አራሚ ሥራ ላይ ሲያውል በመጀመሪያ የፈተሸው ባለፈው ዓመት የወደቀውን የዚያችን ተማሪ ሥራ ነበር። በአሮጌውም በአዲሱም ኮምፒውተር ላይ የእርምጃው ቁጥር አንድ ሆኖ ወጣ። ከጓደኛዋ ሥራ ጋርም እኩል ነበር። በሁለቱም ሥራዎች ውስጥ ሳያስፈልግ የሚደጋገም አንድ ዙር መኖሩን አራሚው አመለከተ። ይህ መልእክት ባለፈው ዓመት ቢደርሳቸው ኖሮ ሁለቱም በዚያው ሳምንት ሊማሩበት የሚችሉት ጉዳይ ነበር፤ አንዷ ያለ ጥፋቷ ስትወድቅ፣ ሌላዋ ደግሞ በማለፏ ምክንያት ሳያዩት አለፉ።